ደግ ጌታ አይበቃም



ደብረ ማርቆስ ላይ ቆሞ መናገር ያስፈራል። ዲማን፣ ደብረ ኤልያስን፣ ደብረ ወርቅን የመሰሉ የቅኔ ደብሮች በከበቡት ከተማ፣ አዳራሹ ውስጥ ቅኔ የዘረፈ ሰው እንደማይጠፋ እያወቅሁ አፌን አሳምራለሁ ብዬ አልነሣም። ቃሉ ባያምር ሐሳቡን ያዙልኝ።

አዘጋጆቹ የሰጡኝ ርዕስ «ነፃነት በዴሞክራሲ» የሚል ነው። በዚህ ርዕስ ላይ ሁላችንም የምንስማማበትን ተናግሮ፣ አስጨብጭቦ መውረድ ቀላል ነው። እኔ ግን እንድትከራከሩኝ ስለምፈልግ ርዕሱን ላጥብበው። የማነሣው አንድ ጥያቄ ነው፦ ማንም ሳይነካው በሰላም የሚኖር፣ ነገር ግን ነገ መነካት አለመነካቱ በሌላ ሰው ፈቃድ ያደረ ሰው ነፃ ነው? እኔ አይደለም እላለሁ። ይህን ለማስረዳት መጀመሪያ ከሩቅ የመጣ አንድ ክርክር በአጭሩ አስተዋውቃችኋለሁ። ከዚያ ወደ ጎጃም መሬት እገባለሁ፤ በ1960 እና በ1989 ዓ.ም. እዚህ የሆኑትን ሁለት ነገሮች ረጋ ብዬ አነሣለሁ። በመጨረሻ የቀበሌያችን በር ላይ እንቆማለን።

እንግዲህ ክርክሩ። «ጌታዋን የተማመነች በግ ላቷን ውጭ ታሳድራለች» እንላለን። የምንለው አለኝታ ያለው ሰው ሲዝናና ወይም ሲንጠባረር ስናይ ነው። እስቲ ለአንድ አፍታ ሰውየውን ትተን በጓን እንያት። ጌታዋ ደግ ነው። አይመታትም፣ አያስርባትም፣ ከጅብ ይጠብቃታል። ወደ ፈለገችው መስክ ብትሄድ የሚከለክላት የለም። ነፃ ናት? ነፃነት ማለት ከልካይ ማጣት ከሆነ፣ አዎ፣ ናት። ግን ፋሲካ ይመጣል። ጌታዋ «ዘንድሮ ዶሮ ይበቃናል» ብሎ ቢተዋት እንኳ፣ የተዋት እሱ ነው፤ እሷ አልተረፈችም፤ ተተወች እንጂ።

አይዛያ በርሊን የሚባል ታላቅ አሳቢ እ.ኤ.አ. በ1958 ኦክስፎርድ ላይ ባቀረበው ዝነኛ ንግግር፣ ነፃነት በመጀመሪያ ትርጉሙ ሌሎች ጣልቃ የማይገቡበት ስፍራ ማግኘት ነው አለ። ሐቀኛ ሰው ስለነበረም የሐሳቡን መዘዝ አልደበቀም። በዚህ ትርጉም ከሄድን ለዘብ ያለ አምባገነን ለሕዝቡ ሰፊ ነፃነት ሊሰጥ ይችላል፤ ነፃነትና ዴሞክራሲም የግድ አንድ ላይ አይሄዱም። ይህን ስሰማ በጓ ትታየኛለች።

ክርክሩ ከበርሊን በፊትም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1651 ቶማስ ሆብስ የተባለው እንግሊዛዊ በጣሊያን ሉካ በምትባለው ሪፐብሊክ ቀለደ። የከተማዋ ግንብ ላይ በትልልቅ ፊደል «ነፃነት» ተብሎ ተጽፏል፤ ሆኖም የሉካ ሰው ከቁስጥንጥንያ ሰው የተሻለ ነፃነት የለውም፤ ሁለቱም ሕግ ያዛቸዋል፣ ሁለቱም ይታዘዛሉ አለ። ከአምስት ዓመት በኋላ ጄምስ ሃሪንግተን መለሰለት። የመልሱን ፍሬ ነገር በእኛ አገር ቋንቋ ላስቀምጠው፦ በቁስጥንጥንያ ትልቁ ፓሻ እንኳ ሀብቱንም አንገቱንም የያዘው በሱልጣኑ ፈቃድ ነው፤ የራሱ አንገት ጭሰኛ ነው። በሉካ ግን ትንሽ መሬት ያለው የመጨረሻው ድሃ መሬቱንም አንገቱንም በርስት ይዟል። ልዩነቱ ያለው የሕጉ ቁጥር ላይ አይደለም። ሕጉን ማን ያዘው የሚለው ላይ ነው።

ይህ አስተሳሰብ ሪፐብሊካዊ ይባላል። ከሮማውያን ጀምሮ የነበረ ነው፤ በእኛ ዘመን ደግሞ እንደ ፊሊፕ ፔቲትና ኩዌንቲን ስኪነር ያሉ ምሁራን አድሰውታል። የሚለው ባጭሩ ይህ ነው፦ ነፃ ሰው ማለት ጌታ የሌለው ሰው ነው። ጌታ ማለት ደግሞ የሚመታህ ሰው ብቻ አይደለም፤ ሊመታህ ቢፈልግ ጠያቂ የሌለበት ሰው ነው። ፔቲት መፈተኛ አድርጎ የሚያቀርባት ነገር አለችው፦ ያለ ፍርሃትና ያለ ማሽቃበጥ የሌላውን ሰው ዓይን በቀጥታ ማየት ትችላለህ? ለደብረ ማርቆስ ሰው ይህን ማብራራት ይከብዳል ብዬ አላስብም።

አንድ ነገር ግን ከወዲሁ ላጥራ። ሪፐብሊካዊ ስል ንጉሥ የሌለው መንግሥት ማለቴ ብቻ አይደለም። ያንንማ አግኝተናል። ከ1967 ዓ.ም. ጀምሮ ዘውድ የለንም። በ1980 ዓ.ም. አገራችን ሕዝባዊ ዴሞክራሲያዊ ሪፐብሊክ ተባለች፤ ከ1987ቱ ሕገ መንግሥት በኋላ ደግሞ ፌዴራላዊ ዴሞክራሲያዊ ሪፐብሊክ ናት። ሉካም ግንቧ ላይ ጽፋ ነበር።

የራሳችንንም ገመና ልንካ። ባርነት በአገራችን በአዋጅ የተሻረው በ1934 ዓ.ም. ነው፤ አያቶቻችን በዓይናቸው ያዩት ነገር ነው። ዛሬም አንዳንድ ሽማግሌዎች «እንደ ልጅ ነበር የሚያዩዋቸው» ይላሉ። በአንዳንድ ቤት እውነት ሊሆን ይችላል። እንደ ልጅ የሚታየው ሰው ግን በየማለዳው የጌታውን ፊት እያነበበ ይነሣል፤ ዛሬ ደስ ብሎታል ወይስ ከፍቶታል? ከፊት አንባቢነት የሚያወጣው የጌታው ደግነት ሳይሆን አዋጁ ነው። ፍትሐ ነገሥቱ እንኳ ባርነትን እየፈቀደ፣ ሰው በተፈጥሮው ነፃ እንደሆነና ባሪያ ያደረገው ጦርነት እንደሆነ ሳይናገር አላለፈም።

አሁን ወደ ጎጃም መሬት።

በርስት ዘመን የዚህ አገር ገበሬ በአንድ ነገር ይኮራ ነበር፤ ከአቅኚ አባቱ የሚቆጠር ርስት ነበረው። በእናቱም በአባቱም በኩል ዘሩን ቆጥሮ ይጠይቃል፣ ይሟገታል፣ ይካፈላል። ባለጉልቱ ግብር ይበላ ነበር፤ ድግስ ያስደግሳል፣ ሥራ ያሠራል። ርስተኛውን ከርስቱ መንቀል ግን አይችልም። ከደቡብ ጭሰኛ ጋር ስናወዳድረው ልዩነቱ ትልቅ ነው፤ ጭሰኛ ባለመሬቱ «ውጣልኝ» ካለው ይወጣል። የጎጃም ገበሬ ድህነቱ ከጭሰኛው ብዙም ላይለይ ይችላል። ባለጉልቱ ፊት ሲቆም ግን የእግሩ ሥር አፈር የማን እንደሆነ ያውቃል። ሃሪንግተን ይህን ቢያይ መጽሐፉ ውስጥ ያስገባው ነበር ብዬ አስባለሁ።

ርስትን ግን ቅድስት አላደርጋትም። አንጥረኛው፣ ሸክላ ሠሪዋ፣ ፋቂው፣ ሸማኔው ከርስቱ ቆጠራ ውጪ ነበሩ። አገሩ ያለ ማረሻቸው አያርስ፣ ያለ ምንቸታቸው አይበላ፣ ያለ ሸማቸው አይለብስ፤ እነሱ ግን የትም ቢቀመጡ በሰው መሬት ነበሩ። ሴትም በሕግ ርስት ቢደርሳት በተግባር ባል ወይም ወንድም ነበር የሚያርሰውም የሚሟገተውም። የጥንት ሮማውያንም እንዲሁ ነበሩ፤ ስለ ነፃነት የሚያምር ነገር እየጻፉ ወጥ የሚሠሩላቸው ባሪያዎች ነበሩ። አንዱ ቀና የሚልበት ነገር ሌላውን የሚያስጎነብስ ከሆነ፣ ርስት ነው እንጂ ነፃነት አይደለም።

ከርስት ሌላኛው ጫፍ ደጅ ጥናት ነበር። ሹመት የፈለገ፣ ፍርድ የዘገየበት፣ ጉልት የተቀማ ሰው የጌታ ደጅ ላይ ወራት፣ አንዳንዴም ዓመታት ይቆማል። ማለዳ ይመጣል፣ ጌታው ሲወጡ እጅ ይነሣል፣ ሲገቡ እጅ ይነሣል። ማንም አላሰረውም፤ ሲፈልግ አገሩ መግባት ይችላል። ግን ጉዳዩ ከጌታው ፈቃድ በቀር መንገድ የለውም። ለእኔ ነፃነት የማጣት ትክክለኛ ሥዕል ከእስር ቤት ይልቅ ይህ ነው። ታሳሪ ቢያንስ የታሰረበትን ገመድ ያየዋል።

የዚህችው ከተማ አቅራቢያ ልጅ፣ የእንዶዳም ኪዳነ ምሕረቱ ሐዲስ ዓለማየሁ ይህን ዓለም ከማንም በላይ ያውቁት ነበር። ልብ ወለዳቸው ፍቅር እስከ መቃብር በ1958 ዓ.ም. ሲወጣ ብዙ ሰው የያዘው የበዛብህንና የሰብለ ወንጌልን ፍቅር ነው፤ ያስለቅሳል፣ አልፈርድም። እኔን ግን የሚይዘኝ ባላገሮቹ ጌታቸውን ፊታውራሪ መሸሻን እምቢ የሚሉበት ክፍል ነው። ባላገሮቹ የለመዱትን ግብር አልጠሉም። የጠሉት በፊታውራሪው ፈቃድ ብቻ የሚጨመረውን ነው። ልማዱ ቢከብድም የታወቀ ነው፤ ወሰን አለው። የፊታውራሪው ፈቃድ ወሰን የለውም። መጽሐፉ በወጣ በሁለት ዓመት ውስጥ ይኸው ነገር በእውነተኛው ጎጃም ተነሣ።

በኅዳር 1960 ዓ.ም. መንግሥት የእርሻ ሥራ ገቢ ግብር አዋጅ አወጣ። በወረቀት ላይ ካየነው አዋጁ ክፉ አልነበረም፤ ብዙ ያለው ብዙ፣ ትንሽ ያለው ትንሽ ይክፈል ነው የሚለው። እንዲያውም ዘመናዊና ፍትሐዊ ነው ብለው የደገፉት ምሁራን ነበሩ። ታዲያ ጎጃም ለምን ተነሣ? ገበሬው ስስታም ስለሆነ ነው የሚሉ ሹማምንት ነበሩ። ጉዳዩ ግን ከዚያ የጠለቀ ነው።

ጎጃም ከዚያ በፊት የሚከፍለው የመሬት ግብር ቁርጥ ነበር። መሬታችን በቀላድ አይለካም ብሎ ከጠላት መባረር በኋላም ተሟግቶ፣ አምጾም ጭምር ያቆየው መብት ነበር። አዲሱ ግብር ግን ምርት ላይ የተጣለ ነው። ምርት ደግሞ የሚታወቀው በግምት ነው፤ ገማች ይመጣል፣ ማሳህን ያያል፣ ይህን ያህል ታገኛለህ ይላል። አስቡት። እስከ ትናንት የግብርህ መጠን የታወቀ ነበር፤ ዛሬ ገማቹ ምን ዓይነት ሰው እንደሆነ ላይ ያደረ ነው። ደግ ገማች ሊመጣልህ ይችላል። ጠጅ ካቀረብክለት ደግሞ ይበልጥ ደግ ይሆናል። ገበሬው የፈራው ብሩን ብቻ አልነበረም፤ ማሳው ዳር ቆሞ ገማቹን ደጅ መጥናትን ነው። ከገማቹ ቀጥሎ ለኪ ይመጣል፣ ከለኪው ቀጥሎ ርስቴ ይሄዳል ብሎም ሰጋ። በዚህ ላይ የጠቅላይ ግዛቱ ገዥ ደጃዝማች ፀሐዩ እንቁ ሥላሴ ላይ የተጠራቀመ ቅሬታ ነበር።

ሕዝቡ መጀመሪያ ያደረገው ጠመንጃ ማንሣት አልነበረም። አቤት አለ፤ መልእክተኞች መርጦ አዲስ አበባ ላከ። አቤቱታው መልስ ሲያጣ፣ ገማቾቹ በፖሊስ ታጅበው ሲመጡ ነገሩ ወደ ተኩስ ሄደ። በሞጣ፣ በቢቸና፣ በዳሞት በኩል ውጊያ ተደረገ፤ ጦር ተላከ፤ ብዙ ሰው ሞተ። በመጨረሻ ንጉሠ ነገሥቱ ገዥውን አነሡ፤ ደጃዝማች ደረጀ መኮንን ተተኩ። ግብሩ ጎጃም ላይ ሳይሰበሰብ ቀረ፣ የቆየውም ውዝፍ ተሰረዘ።

ድል ነው? ብዙዎቻችን በዚህ ታሪክ እንኮራለን፤ እኔም እኮራለሁ። ግን የተገኘው ነገር ምን ዓይነት ነገር እንደነበረ እንይ። ውዝፉ የተሰረዘው በምሕረት ነው። ገዥው የተነሣው በንጉሡ ፈቃድ ነው፤ ሌላ የተሾመውም በንጉሡ ፈቃድ ነው። ከዚያ በኋላ ግብር ሲጣል ጎጃሜ ይጠየቅ የሚል ሕግ አልወጣም፤ ገበሬው ገዥውን የሚከስበት ችሎት አልተቋቋመም። በ1948ቱ የተሻሻለው ሕገ መንግሥት የንጉሠ ነገሥቱ አካል ቅዱስ፣ ሥልጣናቸው የማይደፈር መሆኑን የሚደነግገው አንቀጽ እንደነበረ ነው። ያ ሁሉ ደም ፈስሶ የተገኘው የአንድ ጊዜ መተው ነው። መብትና ምሕረት በዚያው ቀን ለተቀባዩ አንድ ይመስላሉ፤ ልዩነታቸው የሚታየው በሚቀጥለው ዓመት ነው።

በላይ ዘለቀንም እዚህ ላይ ሳላነሣ አላልፍም። አምስት ዓመት ጣሊያንን ተዋግቶ አገሩን ነፃ ካወጡት አንዱ ነው፤ በ1937 ዓ.ም. ግን በራሱ መንግሥት ተሰቀለ። የፍርዱን ዝርዝር ለታሪክ ጸሐፊዎች ልተወው። እኔን የሚያሳስበኝ ሰዎች እስከ ዛሬ ስለ እሱ ሲከራከሩ የሚያነሡት ጥያቄ ነው፦ ጃንሆይ ለምን አልማሩትም? የምንጠይቀው ስለ ምሕረት ነው። አገር ከባዕድ ነፃ መውጣቷ አንድ ነገር ነው፤ ያገሬው ሰው ነፍሱ በማን እጅ እንደሆነች ሌላ ነገር ነው። ሁለቱን ለረጅም ዘመን አንድ አድርገን ይዘናቸዋል።

ሁለተኛው ታሪክ ቅርብ ነው፤ እዚህ አዳራሽ ውስጥ የሚነካው ሰው እንዳለም አውቃለሁ። የ1967ቱ የመሬት አዋጅ ርስትንም ጉልትንም ጭሰኝነትንም አንድ ላይ ሻረ። ለደቡብ ገበሬ ትልቅ ነፃነት ነበር። ለጎጃም ገበሬ ግን ነገሩ ድብልቅ ነው፤ ባለጉልቱ ሄደ፣ በቦታው የገበሬ ማኅበሩ ሊቀ መንበር መጣ። መሬት የሚሰጥም የሚቀማም እሱ ሆነ። ቀጥሎ 1989 ዓ.ም. ደረሰ። የክልሉ መንግሥት መሬት እንደገና ይደልደል አለ፤ ምሥራቅና ምዕራብ ጎጃም ውስጥ ተካሄደ። የድልድሉ ዓላማ ጥሩ ነበር፦ መሬት ያጡ ወጣቶች፣ መሬት የሌላቸው ሴቶች ያግኙ። አገኙም። ይህን መካድ አይቻልም፤ በዚያ ድልድል ለመጀመሪያ ጊዜ በስማቸው መሬት የያዙ ሴቶች አሉ።

ችግሩ አከፋፈሉ ላይ ነው። በደርግ ዘመን የቀበሌ ሹም የነበሩ ሰዎች «ቢሮክራሲ»፣ የድሮ ባላባት ወገን የተባሉት ደግሞ «ፊውዳል» ተባሉ። ሌላው ገበሬ እስከ አሥራ ሁለት ጥማድ ሲፈቀድለት፣ ይህ ስም የተለጠፈበት ሰው ከአራት ጥማድ በላይ መያዝ አይችልም። ስሙን ማን ይለጥፋል? የቀበሌ ኮሚቴና ስብሰባ። በደርግ ጊዜ ለጥቂት ወራት ጸሐፊ የነበረ ድሃ ገበሬም «ቢሮክራሲ» ሊሆን ይችላል፤ ከጎረቤቱ ጋር የወሰን ጠብ ካለበት ደግሞ ይበልጥ ሊሆን ይችላል። አልስማማም ያሉ ገበሬዎች አዲስ አበባ ድረስ አቤት ሊሉ ሄዱ። በ1960 አባቶቻቸው የሄዱበት መንገድ ነው፤ በሁለቱም ጊዜ ከመንገዱ ጫፍ የሚጠብቃቸው ችሎት አልነበረም።

ልብ በሉልኝ፣ እኔ መሬት አይከፋፈል እያልኩ አይደለም። ሪፐብሊካዊ አስተሳሰብ የሀብት ክፍፍልን አይቃወምም፤ እንዲያውም መሬት የሌለው ሰው ሁልጊዜ የሌላውን ፊት ስለሚያነብ መሬት እንዲያገኝ ይፈልጋል። የሚቃወመው ክፍፍሉ በስም ለጣፊ ፈቃድ መካሄዱን ነው። በዚያን ዓመት መሬት የተቀነሰበት ብቻ አይደለም ነፃነት ያጣው። መሬት ያገኘውም «የሰጠኝ ኮሚቴ ነገ ቢወስድብኝስ?» የሚል ስጋት አብሮ ተረከበ።

ከዚያ በኋላ የመጣውን የመሬት ደብተር የማከብረው ለዚህ ነው። በክልላችን ሥራው ሲጀመር ከመጀመሪያዎቹ የሙከራ ቀበሌዎች አንዱ እዚሁ ምሥራቅ ጎጃም አዲስና ጉሊት ነበር። ደብተሩ የባልንም የሚስትንም ስምና ፎቶግራፍ ይይዛል። አንዲት ሴት ባሏ ደግ ስለሆነ ሳይሆን ፎቶዋ ደብተሩ ላይ ስላለ ከማሳዋ አትወጣም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ባል የቤተሰብ የበላይ ነው፣ ሚስት ትታዘዘዋለች ይል ነበር። ብዙ ባሎች ደጎች ነበሩ፤ አባቴም ደግ ነበር። ሕጉን የ1992ቱ የቤተሰብ ሕግ ሲሽረው፣ ክልላችንም በ1995 የራሱን ሲያወጣ፣ የደግ ባሎች ሚስቶች ኑሮ ምን ተለወጠ? በማግስቱ ምንም። የተለወጠው ደግነቱ ቢቋረጥ የሚቆሙበት መሬት ማግኘታቸው ነው።

አሁን ቃል እንደገባሁት ቀበሌ በር ላይ እንቁም።

ደጅ ጥናት ከጃንሆይ ጋር የሄደ የሚመስለው ካለ አንድ ቀን ጉዳይ ይዞ ይሂድ። መሸኛ ለማጻፍ፣ መታወቂያ ለማሳደስ፣ የግንባታ ፈቃድ ለመጠየቅ። «ኃላፊው ስብሰባ ናቸው»፣ «ሲስተም የለም»፣ «ማኅተም የያዘችው ልጅ ለቅሶ ሄዳለች»፣ «ነገ ብቅ በል»። እኔ ራሴ አንድ መሥሪያ ቤት ደጅ ላይ ቆሜ፣ ለአንዲት ልጅ እግር ጸሐፊ ከሚገባው በላይ ፈገግ ስል ራሴን አግኝቻለሁ። አላስፈራራችኝም፣ ጉቦም አልጠየቀችኝም። ፈገግታው ከየት መጣ? በዚያች ሰዓት ጉዳዬ በእሷ ፈቃድ ማደሩን ፊቴ አውቆት ነው።

ከዚህ የሚከብደው ማዳበሪያ ነው። የእነማይና የሸበል ወረዳ ገበሬ ጥቁር አፈር ላይ ጤፍ ሊዘራ ሲነሣ ዩሪያው በጊዜው ካልደረሰ ዓመቱ አለፈ ማለት ነው። በ2015 ዓ.ም. ክረምት ሲገባ በክልላችን እጥረት በተፈጠረ ጊዜ ገበሬዎች አደባባይ ድረስ ወጡ፤ ታስታውሳላችሁ። ስለ እጥረቱ መንስኤ ብዙ ተብሏል። እኔ የማነሣው በጥጋብ ዓመትም ያለውን ነገር ነው፦ ማዳበሪያው በማኅበርና በቀበሌ ዝርዝር በኩል ይደርሳል፤ ዝርዝሩን የያዘው ሰው ስብሰባውንም የሚመራው ሰው ነው። ስብሰባ ላይ «አስተያየት ያለው?» ሲባል ገበሬው ዝም ይላል። ማንም አላስፈራራውም። እጁን ከማውጣቱ በፊት ግን ሐምሌን አሰበ። እንዲህ ያለ ሰው በአምስት ዓመት አንዴ ድምፅ ስለሰጠ ብቻ ዜጋ ሆነ ለማለት ይከብደኛል።

ጠመንጃ የያዘ ሰው ፈቃድም ያው ነው። ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. በክልላችን የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፤ በጥር 2016 ለተጨማሪ አራት ወራት ተራዘመ። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 93 መንግሥት ይህን ሥልጣን ሲይዝ ገደብ አበጅቶለታል፤ ጊዜው ስድስት ወር ነው፣ መራዘሙ የሁለት ሦስተኛ ድምፅ ይፈልጋል፣ መርማሪ ቦርድም ይቋቋማል። ያም ሆኖ ያለ ሕግ አልታሰርም የሚለው አንቀጽ 17 እና ታሳሪ በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት ይቅረብ የሚለው አንቀጽ 19 በአስቸኳይ ጊዜ ሊታገዱ ከሚችሉት ውስጥ ናቸው። ሰው በጣም በሚፈልጋቸው ሰዓት ማለት ነው። በሌላ በኩል፣ መንገድ ላይ ኬላ ዘርግቶ ማን ይለፍ ማን ይመለስ በፈቃዱ የሚወስን ሰው፣ የማንንም ልብስ ይልበስ፣ የማንንም ስም ይጥራ፣ ለተጓዡ ጌታ ነው። ደግ ከሆነ ያሳልፈዋል። ስለ ነፃነት እየተናገርኩ አንዱን ጠቅሼ ሌላውን ብተው ንግግሬ ዋጋ የለውም።

ታዲያ ምን ይደረግ? የሚታሰበኝን ባጭሩ ልናገር። ጌታን በደግ ጌታ መለወጥ መፍትሔ አይደለም፤ ደጋግመን ሞክረነዋል። የሚፈለገው ሹሙ ክፉ መሆን ቢያምረው እንኳ የማይሳካበት ሥርዓት ነው። ለዚህ የሚሆን ልማድ ደግሞ የለንም ማለት ሐሰት ነው። «ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» ያለው ሕዝብ «በሕግ አምላክ!» የሚልም ሕዝብ ነው። በዚህ ቃል አንድ ልብሱ ያለቀ መንገደኛ ባለፈረሱን ያስቆመው ነበር፤ ያልቆመ ሰው ጥፋተኛ ነበር። በዋርካ ሥር ሙግት ሲደረግ አላፊ አግዳሚው ቆሞ ያዳምጥ ነበር፤ ተሟጋቹ «ተጠየቅ!» እያለ ባላጋራውን በሕዝብ ፊት ያፋጥጥ ነበር። ዳኛ አዳላ ቢሉ የሰሙ ጆሮዎች ነበሩ። ዕድራችንም አለ። የዕድር ዳኛ ለቅሶ ሲቀር መቀጫ ይከፍላል፤ ገንዘብ ያዡ ሒሳቡን በጉባኤ ያቀርባል፤ ደንቡ በጽሑፍ ነው፣ ሲቀየርም አባላቱ ናቸው የሚቀይሩት። ዕድር ውስጥ ማንም ማንንም ደጅ አይጠናም። ትልቁን ነገር በትንሹ የምናውቅ ሰዎች ነን፤ ከዕድር ወጥተን ወረዳ ስንገባ ነው የሚጠፋን።

በወረቀት ላይም ጅምር አለ። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 12 ሹም ኃላፊነቱን ሲያጓድል ይጠየቃል፣ ሕዝብ አመኔታ ያጣበትን ተመራጭ ከቦታው ማንሣት ይችላል ይላል። ከዚህ ይልቅ ግን ብዙ ሰው የማያውቀው ሌላ ሕግ አለ፤ በ2012 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል የአስተዳደር ሥነ ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 1183። መሥሪያ ቤት መመሪያ ሲያወጣ ረቂቁን ለሕዝብ አስተያየት ያቅርብ፣ ውሳኔ ሲሰጥ ምክንያቱን ይግለጽ፣ ቅር የተሰኘ ሰው ፍርድ ቤት ወስዶ ያስመርምረው ይላል። ይህ ደረቅ ሕግ ነው፤ ዘፈን አይወጣለትም። ለእኔ ግን ስለ ነፃነት ከተጻፉት ሁሉ ይበልጥ ወደ ደጅ ጥናት ሥር የገባው እሱ ነው፤ «ለምን?» ተብሎ የተጠየቀ ጸሐፊ «ነገ ና» ብሎ መመለስ አይችልማ። ጉድለቱ የፌዴራል ተቋማትን እንጂ የወረዳና የቀበሌ ጽሕፈት ቤቶቻችንን አለመንካቱ ነው። እኛ የምናንኳኳው ደግሞ የወረዳውንና የቀበሌውን በር ነው።

የተሰጠኝ ሰዓት አልቋል። ጥያቄ ስትጠይቁ አንድ ልመና አለኝ፦ በ1989ኙ ድልድል መሬት ያገኛችሁ፣ ወይም የወላጆቻችሁ መሬት የተቀነሰባችሁ ካላችሁ፣ መጀመሪያ እናንተ ማይክሮፎኑን ያዙ። ድልድሉ ባይደረግ ኖሮ መሬት አልባ ሆኜ እቀር ነበር የሚል ሰው ዛሬ የተናገርኩትን ሊያፈርሰው ይችላል፤ ያንን ክርክር ከማንኛውም ጭብጨባ አስበልጣለሁ።